አፍንጫ ይዞ ልጅ ማሳደግ

ልጅ ሲያሳድጉ ደስ ይላል የሚሉ ሰዎች ልጅ ጠርገው የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ ሰባት ወር ሙሉ ጠርጌያለሁ። ከላይ ወተት ይመለሳል፣ ከታች ሌላው ይመጣል፣ መሀል ላይ ደግሞ ለሀጩ አለ፤ እሱ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አያርፍም። አንድ ጊዜ ቤቱ በጣም ሸተተኝና አይጥ የሞተ መስሎኝ አልጋውን ገልብጬ ፈለግኩ። ለካ የልጄ የአንገቷ እጥፋት ውስጥ የረጋ ወተት ነው። ማርኔልን እወዳታለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሚመጣውን ስትሰሙ እንዳትጠራጠሩኝ ነው።

ስሟን ያወጣነው ከእኔ ከአርኔልና ከሚስቴ ከማሪሴል ስም ቆርጠን ነው። ማሪሴል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ገና ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ ስልኳንም እዚያ ስትገባ ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጣለች። እኔ ሰርዲን ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ ሥራዬ በአጭሩ ማሽተት ነበር። የተበላሸ ዓሣ ጣሳ ውስጥ ሳይገባ በአፍንጫዬ እይዘዋለሁ። አምስት ወር ሲሞላኝ እንደማንኛውም ሰው አሰናበቱኝ፤ ከዚያ በኋላ ቋሚ ማድረግ ግዴታ ስለሚሆንባቸው፣ እኛ ዘንድ ስድስተኛውን ወር የሚያይ ሠራተኛ የለም። አፍንጫዬ ግን ሥራ መፍታቱን አልሰማም።

ስለዚህ ዳይፐር የምቀይርበት የራሴ ዘዴ ነበረኝ። መጀመሪያ የጉንፋን ቅባት አፍንጫዬ ሥር እለቀልቃለሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ጣሪያው አዞራለሁ። በዳበሳ እፈታለሁ፣ በዳበሳ እጠርጋለሁ፣ የቆሸሸውን ጠቅልዬ ፕላስቲክ ውስጥ እከትና ሁለት ጊዜ አጥብቄ እቋጥረዋለሁ። ያንን ቋጠሮ ደግሞ ሌላ ፕላስቲክ ውስጥ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይኔ ምንም አያይም። በዚህ እኮራ ነበር። ለጓደኞቼም አሳይቻቸዋለሁ።

የምንኖረው በባሕር ጠርዝ ባለችው ማላቦን ከተማ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው መንገዳችን ላይ ይወጣል፣ ሲሄድም የያዘውን ሁሉ ትቶልን ይሄዳል፤ የሞተ ዓሣ፣ ነጠላ ጫማ፣ ስሙን የማልጠራውን ነገር። ልጅ መሬት ላይ አይለቀቅም። አንድ ሰው ሁልጊዜ መያዝ ወይም መጠበቅ አለበት፤ ብቻውን ደግሞ ይህን የሚችል የለም። ስለዚህ የሰፈሩ ጨቅላ ያለን አራት ቤቶች ተራ ገባን። በየጠዋቱ አንዳችን ከጸሎት ቤቱ ጓሮ ባለው የቀርከሃ መደብ ላይ አራቱንም ልጆች ይዘን እንቀመጣለን፤ ሌሎቹ ያጥባሉ፣ ይገዛሉ፣ ይተኛሉ። እርስ በርሳችን ማሬ እና ፓሬ ነው የምንባባለው፤ ክርስትና የተነሳሳን ያህል።

ያለ እነሱ አብድ ነበር፤ ከእነሱ ጋርም ልታመም ደርሼ ነበር። ሼርሊን የምትባለው የልጇን ንፍጥ በአፏ መጥጣ ነው የምታወጣው። መጥጣ እንትፍ ትላለች፣ ከዚያ ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች። የሚያለቅስ ልጅ ካለ የማንም ይሁን ጡቷን አውጥታ ትሰጠዋለች። ጆቤል የሚባለው ደግሞ ባለሦስት እግር ሞተር ነጂ ነው፤ ሙዝ አላምጦ ለልጁ ያጎርሳል፣ የተረፈውን ራሱ ይውጠዋል። እኔ ያን ጊዜ ወደ ባሕሩ ዞሬ ጀልባ እቆጥራለሁ።

ከሁሉም ግን ፍሎርዴሊዛ ትብስ ነበር። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የእኛ የመጀመሪያ ሲሆን የእሷ ሰባተኛ ነው። የዶሮና የአሳማ አንጀት ጠብሳ ትሸጣለች። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ባልዲ ታቅፋ ትቀመጣለች፤ አንጀቱን በቀጭን እንጨት እየገለበጠች ውስጡ ያለውን ታራግፋለች። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማታ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፎ ይበላዋል፤ እኔ በዚያ በኩል አላልፍም። የእሷ ተራ ሲደርስ ልጄን በዚያ እጅ ስታነሳት ሰውነቴ ይኮማተር ነበር።

አንድ ቅዳሜ መደቡ ላይ ሁላችንም ተሰብስበን ሳለን ተናገርኩት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠን «አቴ»፣ ታላቅ እህት፣ ነው የምንላት።

«አቴ ፍሎር፣ አትቀየሚኝ። ግን ከተራው ብትወጪ ይሻላል።»

«ለምን? ማንን ጣልኩ?»

«እጅሽ...»

«እጄ ምን ሆነ?»

«አንጀት አንጀት ይሸታል። ልጆች ናቸው እኮ።»

ጆቤል የሞተሩን ቁልፍ መነካካት ጀመረ። ሼርሊን ጡቷን ከታች እስከ ላይ ሸፈነች፤ ሸፍናው አታውቅም ነበር።

ፍሎርዴሊዛ ሳቀች። «ይሸታል እንጂ! አንጀት ስገለብጥ አርፍጄ አበባ አበባ ልሽተትልህ? አንተ ሴኞሪቶ፣ የጌታ ልጅ! ቤተ መንግሥት ያሳደገህ መስለህ ትታያለህ፤ እናትህ ዓሣ ስትዘረግፍ አይደል እንዴ የወለደችህ?»

«እሱን ተይው፣ አቴ።»

«እሺ፣ ተውኩት።» ልጇን አቅፋ ተነሳች። ሳቋ እየቀነሰ ሲሄድ አየሁ። በማርኔል በኩል ስታልፍ ቆም አለችና፣ «አቤት ስብነቷ! ጉንጯስ ቢሆን፣ የሚነከስ እኮ ነው!» ብላ ሄደች።

ይኸው ነው። ሌላ ነገር አላለችም፤ ነገሩ የመጣው ደግሞ ካላለችው ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ያደነቀ ሰው ወዲያው «ኡሶግ ይራቅ» ማለት አለበት። ካላለ የአድናቂው ዓይንና ትንፋሽ ልጁን ይመታዋል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ያለቅሳል፣ ያስመልሰዋል። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ያደነቀው ሰው ራሱ አውራ ጣቱን ልሶ የልጁን ሆድ ማሸት አለበት። የሌላ ሰው ምራቅ አይሠራም።

በማግስቱ እሁድ ነበር፣ ማሪሴል ግን ትርፍ ሰዓት ስለነበራት ወጥታለች። ማርኔል ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በጩኸት ነቃች። ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ ትጮኻለች፤ ትንሽ ቆይታ በድንገት ዝም ትላለች፤ ፊቷ ይነጣል፣ ታንቀላፋለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና። ወተቱን መለሰችው። ቀጥላ አረንጓዴ ነገር መለሰች፣ ሸሚዜ ላይ። ሸሚዜን አውልቄ ጣልኩት፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሸሚዙ ነው። እስከ ቀትር ሦስት ጊዜ ዳይፐር ቀየርኩላት። ቅባት፣ ጣሪያ፣ ዳበሳ፣ ቋጠሮ።

ሼርሊን ጩኸቱን ሰምታ መጣች። በሩ ላይ እንደቆመች ፈረደች።

«ኡሶግ ነው።»

«ሆዷን ነፍቷት ነው።»

«ኡሶግ ሆድ አይነፋም ያለህ ማነው? ትናንት ፍሎር እንዴት እንዳደነቀቻት ሁላችንም ሰምተናል። ሂድና ጥራት፤ ሆዷን በምራቋ ትሽላት።»

«ያ አፍ ልጄ ሆድ ላይ? ሞቼ እገኛለሁ!»

«ፓሬ፣ ምራቅ ነው እኮ፤ መርዝ አይደለም።»

«ቀኑን ሙሉ አንጀት ስትቀምስ የምትውል ሴት ምራቅ ነው!»

ሼርሊን አንገቷን ነቀነቀች። «አንተ የምትጸየፈው ነገር አልቆ ሰው ላይ ደረስክ» አለችኝና የራሷ ልጅ ስለተነሳ ወጣች። እኔ የሕፃን ሆድ ማሻ ዘይት አሙቄ ማርኔልን አሸኋት። ዘይቱ እንኳን ንጹሕ ነው፣ ይሸታል ግን ደህና ሽታ ነው፣ አልኩ በልቤ። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሰዓት ገደልኩ። አንድ ሰው አፍንጫውን ለማስደሰት ሁለት ሰዓት ሊገድል ይችላል ብሎ ማን ያምናል?

ቀትር ላይ ማልቀሷን አቆመች። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ክንዷን ሳነሳው ወደ ታች ተንጠለጠለ። ዓይኗ ተከፍቷል፣ እኔን ግን አያየኝም። ሼርሊንን ጠርቼ ልጄን ሰጠኋትና ውሃውን እያንቦጫረቅሁ ወደ ፍሎርዴሊዛ ሮጥኩ።

ባልዲዋን ታቅፋ ነው ያገኘኋት። ግራጫውና ቢጫው አንጀት እስከ ጫፍ ሞልቶ ይንሳፈፋል፣ ዝንቡ ጢም ብሏል። ሽታው እንደ ግድግዳ አቆመኝ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ትናንት እጄ ሸተተህ፣ ዛሬ ምራቄ ናፈቀህ?»

«አቴ ፍሎር...»

«ሼርሊን ነግራኛለች። ስትለምነኝ ልስማህ እስቲ፣ ሴኞሪቶ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህ ነበር። አሁን ዝም አለች። ክንዷን መያዝ አቅቷታል።»

ፊቷ ላይ የነበረው ቀልድ ሁሉ ጠፋ። ተነሳች፤ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ በሳሙና አሸች፣ ኮምጣጤ አፈሰሰችበት፣ እንደገና አሸች። ከዚያ ጫማ ሳታደርግ ከፊቴ ሮጠች።

ቤት ስንደርስ አውራ ጣቷን ትልሳለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ፊቴን ላዞር ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን የማርኔልን ሆድ በአራት ጣቶቿ ቀስ ብላ ዳበሰች፤ ግራውን፣ መሀሉን፣ ቀኙን። ቀኙ ላይ ቆመች። ተመልሳ ዳበሰች።

«ና እዚህ ጋ ንካ።»

ነካሁ። ከጎድኗ ሥር አውራ ጣት የሚያህል ጠጣር ነገር አለ፣ ቋሊማ የመሰለ።

«ይሄ ኡሶግ አይደለም» አለች። «አሥራ አራት ዓመት አንጀት ገልብጫለሁ። አንዳንዴ አንዱ ክፍል ሌላውን ውጦት ታገኛለህ፣ እጅጌ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ እንደሚገባው። የዋጠበት ቦታ እንደዚህ ይጠጥራል። ከቆየ ይጠቁራል። ካካዋ ምን ይመስል ነበር?»

«እ?»

«ዛሬ ዳይፐር አልቀየርክም?»

«ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ።»

«ታዲያ ምን ይመስል ነበር?»

«አላየሁም።»

«ሦስቱንም?»

«አላይም፣ አቴ። እኔ... ዓይቼ አላውቅም።»

ፍሎርዴሊዛ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ሄዳ ተንበረከከች፤ ፕላስቲኮቹን አወጣች፣ ቋጠሮዎቼን መፍታት ጀመረች። አልፈታ አሏት። በጣም አጥብቄያቸው ነበርና በጥርሷ ነከሰቻቸው።

የመጀመሪያውን ዘረጋችው፤ እንደ ወትሮው ነበር። ሁለተኛው ላይ ንፍጥ የመሰለ ነገር፣ በውስጡ ሐምራዊ ክር ክር ያለ። ሦስተኛውን ስትዘረጋው ቤቱን የደም ሽታ ሞላው። ቀይ ነበር፣ ዝልግልግ፣ የጓቫ ማርማላታ የመሰለ። በሩ ላይ ደርሼ አስመለሰኝ። ከደሙ ይበልጥ የቀፈፉኝ ግን እዚያው መሬት ላይ የቀሩት ቋጠሮዎች ናቸው። ልጄ ከጠዋት ጀምሮ በምትችለው መንገድ ነግራኛለች፤ እኔ ንግግሯን ጠቅልዬ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥሬ፣ ቆሻሻ ውስጥ ጥዬዋለሁ። ራሴን እንደዚያን ቀን ተጸይፌው አላውቅም።

«ቆመህ ታለቅሳለህ? ጆቤልን ጥራ!» ብላ ጮኸች ፍሎርዴሊዛ።

ጆቤል ተሳፋሪውን መንገድ ላይ አውርዶ መጣ። ሼርሊን የቀሩትን ልጆች ሰብስባ ቀረች፤ የፍሎርዴሊዛን ሕፃን አንስታ ወዲያው ጡቷን ስታጎርሳት አየሁና ያን ጊዜ ወደ ባሕሩ አልዞርኩም። መንገዱ በውሃ ተሞልቷል፤ ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ጆቤል ይሰድበዋል፣ ይነሳል። ፍሎርዴሊዛ ከጎኔ ተቀምጣ ሦስቱን ዳይፐሮች በፕላስቲክ ታቅፋለች። መሀል መንገድ ላይ አውራ ጣቷን ላሰችና የማርኔልን ሆድ አሸች።

«ኡሶግ አይደለም አላልሽም?» አላት ጆቤል ዞር ብሎ።

«አይደለም። ግን አድንቄያታለሁ አይደል? ሁለቱንም እናድርግ፤ አንተ ፊትህን አይተህ ንዳ!»

ፈቃዴን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ እግሯን ይዤ እለምናት ነበር። ምራቋ የልጄ ሆድ ላይ ሲያበራ እያየሁ ቀፈፈኝ፤ አዎ፣ ያኔም ቀፈፈኝ።

ሆስፒታል የተቀበለችን ወጣት ዶክተር ሆዷን ዳብሳ ፊቷ ተለወጠ።

«ደሙ መቼ ጀመራት?»

ወደ ፍሎርዴሊዛ ዞርኩ።

ፍሎርዴሊዛ ፕላስቲኩን ፈታችና ዳይፐሮቹን ጠረጴዛው ላይ በተራ ዘረጋቻቸው። ነርሷ አፍንጫዋን ሸፈነች። «ይሄ ምንም የለበትም፣ ዶክተር። ይሄ ጀማመረው። ይሄ ላይ ለየለት። ሰዓቱን እሱ ያውቀዋል።»

ሰዓቱን አውቀው ነበር። «የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ላይ። ሁለተኛው አራት ሰዓት ተኩል። ይሄኛው... ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል።»

«የሚቀይሯት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይሄን አይተው ነው ስድስት ሰዓት ድረስ የቆዩት?»

ፍሎርዴሊዛም ልታድነኝ አልሞከረችም፤ ከእኔ ጋር ቆማ ጠረጴዛውን አየች።

ዶክተሯ አንጀቷ ወደ ውስጥ እንደገባ ነገረችን። በታች በኩል አየር እየነፉ ወደ ቦታው ለመግፋት ይሞክራሉ፤ ብዙ ያልቆየ ስለሆነ ተስፋ አለው። እምቢ ካለ ሆዷ ይቀደዳል። ልጄን ተቀብለውኝ ገቡ። በሩ ሲከፈት የዶክተሯ ፊት አይነበብም ነበር።

«ወጥቷል ብለን እናስባለን» አለች። «ግን አንዳንዴ ተመልሶ ይገባል። ያኔ ቢላዋ ነው። እርግጠኛ የምንሆነው ካካ ስትል ብቻ ነው። ምን እንደሚመስል አይታችሁ ንገሩኝ። ቀለሙን፣ ደም እንዳለው፣ ሁሉንም።»

ማሪሴል ምሽት ላይ ከሥራ ስትወጣ ስልኳን ከፍታ ሰምታ መጣች፣ የፋብሪካውን መታወቂያ አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች። ፍሎርዴሊዛ ሁሉንም ነገረቻት። የእኔን ነገር አለሳልሳ ልታልፈው ሞከረች፤ ማሪሴል ግን የፋብሪካ ሴት ናት፣ የተዘለለ ስፌት አያመልጣትም።

«ዳይፐሩን አላየህም?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«ዛሬ ነው ወይስ ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ሰባት ወር ሙሉ?» ብላ ዞራ ከልጃችን አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፍሎርዴሊዛ ትከሻዬን መታ አድርጋ ወደ ልጇ ሄደች።

ማርኔል ካካ ሳትል አደረች። በየጊዜው እከፍተዋለሁ፤ ምንም የለም። ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁትን ነገር ለአንድ ሌሊት ጠበቅኩት። ሲነጋ፣ የምግብ ጋሪው በኮሪደሩ ሲያልፍ፣ ፊቷ ቀላ። እግሮቿን ዘረጋች፤ አማጠች። ከዚያ ሽታው መጣ።

ማሪሴል ብድግ አለች። «እኔ ልየው።»

«አይ፣ እኔ ልየው።»

ቅባት አልነበረኝም። ፊቴን አላዞርኩም። የፕላስተሩን ጫፍ አላቀቅኩ። ዘረጋሁት። ዓይኔ በውሃ ተሞላ፤ ይሸታል፣ ከሰርዲኑም ከባልዲውም በላይ ይሸታል። ዓይኔን ጠርጌ አየሁ። ቢጫ ነው። ጎንበስ አልኩ። ጠርዙን አየሁ፣ እጥፋቱን አየሁ። ቀይ የለም። በጣቴ ገለል ገለል አድርጌ ከሥሩ አየሁ። ከሥሩም ቢጫ ነው።

«ቢጫ ነው» አልኳት። «ደም የለውም። ምንም የለውም።»

ማሪሴል ተጠግታ ቆመች። ፊቴን አየችው፣ እጄን አየችው፣ ጣቴ ላይ ያለውን አየችው። ከዚያ በላዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ራሷ በዓይኗ፣ እንደገና አየችው።